ጅቡቲ የሚያደርስ አዋዜ

ሐበሻ በርበሬ አይፈራም ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ እፈራለሁ። ሐበሻ ነኝ፤ ያደግኩትም አዋዜ በሚሸጥበት ቤት ውስጥ ነው። ፍርሃቴን የሚያውቁ ወዳጆቼ «አንቺን ከተማ አበላሸሽ» ይሉኛል፤ በርበሬ የሚፈራው የማያውቀው ሰው ነው ብለው ያምናሉና። እውነቱ ግን ግልባጩ ነው። የማያውቀውን ሰው ምን ያስፈራዋል? ሲያየው ቀይ ነው፣ ሲቀምሰው ያቃጥለዋል፣ ውኃ ይጠጣበታል፣ ያልፍለታል። የሚፈራው የሚያውቀው ነው። ስለ በርበሬና ስለ ጀግንነት የተጻፈ ነገር ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኛውን የጻፉት ሙቀጫ አጠገብ ለአንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው የማያውቁ ወንዶች ናቸው።

ሰሞኑን ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ሄጄ፣ ባዶ እጄን ላለመግባት ምድር ቤቱ ላይ ካለው ሱቅ ጎራ አልኩ። መግቢያው ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ጠረጴዛ ዘርግታ አምስት ብልቃጥ አዋዜ ደርድራለች። በየብልቃጡ ላይ የቃሪያ ሥዕል ተለጥፏል፤ አንደኛው ላይ አንድ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት። «እናት፣ ይቅመሱልን፣ በነፃ ነው!» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመ ጎረምሳ «አምስተኛውን ስጫት፣ ማዘር ትችለዋለች» አላት። «አንተ መጀመሪያ ሦስተኛውን ቻል! ትናንት አልቅሰህ አይደል የሄድከው?» ሰው ሳቀ። እሷም እየሳቀች የአምስተኛውን ክዳን ከፈተችው። ነጭ ሽንኩርቱ መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ ጤና አዳሙ፣ ከዚያ ከሁሉም ሥር ተኝቶ የቆየው የደቃቅ በርበሬ ሽታ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ልገዛ የገባሁ ሴትዮ ምንም ሳልገዛ ወጥቼ የባጃጆቹ መቆሚያ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ባለባጃጅ «እናቴ፣ ደህና ነዎት? ላድርስዎ?» ሲለኝ፣ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። ልስል ነበር። የእኔን አይደለም፤ የሌላ ሰው ሳል።

ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነበር፣ ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ከሚጀምርበት ጥግ። በስተቀኝ የየመናዊው ሱቅ አለ፤ ከረሜላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ዱቤ ለጠየቀው ሁሉ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነበር። ፊት ለፊቱ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ ለፋብሪካ ወንዶች የቴትሮን ሱሪ ያጠባል። ያጠባል ያልኩት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ፋሽን ከታች ሰፊ ስለነበር ነው፤ ሱሪው ያው ሱሪ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የናይለን ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ጥጥ በቅንድባቸው ላይ ሳይራገፍ ተንጋግተው ይመጣሉ። የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ማርሽ ሲያሰማ ድምፁ ይቀነሳል፣ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ከፍ ይላል፤ ይህን ያህል ነበር የሰፈራችን ፖለቲካ። የመንገደኛው ባቡር ሲቆም ደግሞ እኛ እንሮጣለን። እንቁላል ቀቅለን፣ ዳቦ ሰንጥቀን፣ መሐሉን አዋዜ ቀብተን፣ በመስኮት እናቀብላለን። በስሙኒ ዳቦው ከነእንቁላሉ ከነአዋዜው። ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ «ልጅቷ፣ ውኃ!» ብሎ በመስኮት የሚጮኽ አይጠፋም፤ ውኃ ግን አንሸጥም ነበር። እናቴ «ውኃ የፈለገ ዱከም ላይ ይጠጣ» ትል ነበር።

የምድር ባቡር ሠራተኞች አዋዜያችንን በጣቢያ ስም ይመድቡት ነበር። ያኔ በብልቃጥ ላይ ሥዕል የሚለጥፍ የለም፤ ቢኖርም የእነሱን ያህል አያስረዳም። ባቡሩ ከአቃቂ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አገሩ ይሞቃል፤ አዋዜውም እንደዚያው። «ዱከም» ማለት ለሕፃን የሚሰጥ፣ በርበሬው ከስሙ በቀር የማይሰማ፣ በሶብላው ጎልቶ የሚጣፍጥ ነው። «ሞጆ» ምላስ ጫፍ ላይ ይነካና ይመለሳል፤ ዝንጅብሉ ይበዛል። «መተሐራ» ጉሮሮ ይደርሳል፣ ግንባር ያረጥባል፣ ግን ነጭ ሽንኩርቱና ኮረሪማው ገና ይለያሉ። «አዋሽ» ላይ ቅመም መለየት ያቆማል። ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውን የሚቀምስ ጥቂት ነው፤ ጅቡቲ የሚያደርስ አዋዜ ደግሞ በእኛ ቤት አልነበረም። እናቴ አስካለ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ስትወቅጥ ኖራ ምላሷ ደንዝዞ ነበር። ጨውና ስኳር እንኳ የምትለየው በመልኩ ነው። ስለዚህ የቤቱ ምላስ እኔ ነበርኩ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የዳቦ ቁራሽ እያጠቀስኩ «ይሄ ሞጆን አልፏል»፣ «ይሄ ገና ነው» እላታለሁ፤ እሷ ታምነኛለች። ጸሐፊ ከሆንኩ በኋላ እንኳ ከዚያ የበለጠ ያመነኝ አንባቢ አላገኘሁም።

ጅቡቲ የሚያደርሰው አዋዜ የእትዬ ጫልቱ ነበር። እትዬ ጫልቱ ከእኛ ሦስተኛ ቤት የምትኖር፣ ፋብሪካውም ሐዲዱም ከመምጣቱ በፊት አያቶቿ እዚያው ያርሱ የነበሩ ሴት ናት። በአጥሯ ሥር የምታበቅለው ደቃቅ በርበሬ አለ፤ ከጥፍር አይበልጥም፣ ግን ተነክቶ ዓይን አይነካበትም። የእኛ አዋዜ ይሸጣል፤ የእሷ ግን ይወራለታል። ይህን እናቴ ታውቃለች፣ እሷም ታውቃለች፣ ሁለቱም አይነጋገሩበትም። በሰፈራችን አንድ ደንብ ነበር፦ ያልቀመሰች አታቀምስም። አዋዜ ለሰው ስታቀርቢ መጀመሪያ አንቺው በሰው ፊት ትቀምሻለሽ፤ የጎረቤት ከሆነ ባለቤቷ ራሷ መጥታ ትቀምሳለች። መርዝ ተፈርቶ ይሁን ቡዳ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከባለቤቷ ርቆ የሄደ አዋዜ የሚቀምስ ሰው አልነበረም። ጥሩ ደንብ ይመስላል። እኔ ጥሩ ደንብ የሚባል ነገር ስሰማ አሁን ትከሻዬ ላይ ብርድ ይሰማኛል።

ዓመተ ምሕረቱን አልጽፍም። የነበረ ያውቀዋል፤ ላልነበረ ቁጥሩ አይጠቅመውም። ወንድ ልጅ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት ወራት ነበር። ኳስ ሜዳው ባዶ ሆነ። የልብስ ሰፊው ሱሪ የሚያስጠብብ ደንበኛ አጣ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ከየቤቱ የሆነ ነገር ሲጎተት ይሰማል፤ አልጋ፣ ሳጥን፣ በርሜል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሲከድኑ። እያንዳንዷ የራሷ ዘዴ ነበራት። አንዷ ልጇን ቀሚስ አልብሳ እህቱ ናት ትላለች፤ ጺሙን ግን ማን ይላጭላት? የእትዬ ጫልቱ ዘዴ የተሻለ ነበር። ልጇ ደጀኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። መጋረጃውን ጋርዳ፣ ደጃፏ ላይ መቀመጫ ዱካዋን አድርጋ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በርበሬ ትለቅማለች። የመጣውን ሁሉ «ኩፍኝ ገብቷል ቤቴ፤ ከፀሐይ የመጣ ሰው ከገባ ምች ይመታብኛል» ትለዋለች። ጠመንጃ የያዘም ቢሆን ኩፍኝ ያለበት ቤት ከውጭ መጥቶ አይዘልቅም። ነገር ግን ዘዴው የሚሠራው እሷ በሩ ላይ እስካለች ድረስ ነው።

የእኛ ዘዴ በርበሬው ራሱ ነበር። ከቤቱ ጀርባ በጭቃ የተለሰነች ትንሽ ክፍል አለች፤ የዛላ በርበሬ ጆንያ እስከ ጣሪያዋ ተደርድሮባታል። ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ትተን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ሲነጋ ይገባል፣ ሲመሽ ይወጣል። እርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫው ላይ ያስራል። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ አብጦ እንደ ሽማግሌ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመረው። የመጀመሪያዋን ሳል የሰማን ጠዋት እናቴ ዘነዘናውን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ባዶውን ሙቀጫ መውቀጥ ጀመረች። ባዶ ሙቀጫ! ምንም የሌለበት! ሳሉ በመጣ ቁጥር ትወቅጣለች፤ ሲያቆም ታቆማለች። ጎረቤቶቻችን ይህ ሁሉ የሚወቀጥ አዋዜ ተሸጦ እንዴት ያልቃል ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

ቅዳሜ ነበር፤ ረፋዱ ላይ። ሦስት ሰዎች መጡ፦ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎችና ጓድ ሸዋንግዛው። ጓድ ሸዋንግዛው ቀበሌው ውስጥ ሥልጣን ከመያዙ በፊት በባቡሩ ላይ ፍሬን ያዥ ነበር፤ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ እናም ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ እንደ እሱ አዋዜ የሚለይ ሰው የለም ይባላል። ሌላ ክፉ ነገርም ይባልለታል፤ እሱን ግን ድምፅ አውጥቶ የሚል አልነበረም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ልጅሽስ?»

«ናዝሬት ነው ጓድ፣ አክስቱ ጋ።»

«የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ናዝሬት ገባ። ናዝሬት በዚህ ዓይነት ቦታ ይበቃታል?»

አንደኛው ጥበቃ ሳይጠየቅ ወደ ጓሮ ዞረና የበርበሬውን ክፍል በር ገፋው። እናቴ አልከለከለችውም፤ «ግባ ልጄ፣ ግን ዓይንህን አደራ» አለችው። አንገቱን አስገብቶ ወዲያው ሦስት ጊዜ አነጠሰና ወደ ኋላ ዘለለ። ጓደኛው ሳቀበት። በሩ ግን ክፍት ቀረ። በዚያ ሳቅ መጨረሻ ላይ ከውስጥ አንዲት ደረቅ ሳል ወጣች።

እኔ ሳልኩ። አስቤ አይደለም፤ ጉሮሮዬ ራሱ ነው ያሳለው። አፌን በመዳፌ ያዝኩና ደግሜ ሳልኩ። ጓድ ሸዋንግዛው ቀስ ብሎ ዞረና ፊቴን አየኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል?»

«በርበሬው ነው ጋሼ።»

«ሁለት ዓይነት ሳል አለሽ ማለት ነው?»

እናቴ ያን ጊዜ ነው መሶበወርቅ ልታቀርብ የተነሣች ይመስል ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ታጥባ፣ «ጓድ ሸዋንግዛው፣ መቼም ከደጄ ሳይቀምሱ አይሄዱም፤ አዲስ ያወጣሁት አለ» ያለችው። ሰውዬው ባለሥልጣን ቢሆንም ምላስ ያለው ሰው ነው። ተቀመጠ። ለጥበቃዎቹም «ተቀመጡ፣ ሥራ አይሸሽም» አላቸው። እኔ ደንቡን ጠብቄ ከእያንዳንዱ እየቀመስኩ አቀረብኩለት።

ዱከሙን ቀምሶ «ይሄ ለአራስ ነው» አለ። ሞጆውን ምላሱ ላይ አቆየው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ጤና አዳም በዝቶበታል» አለ። እውነቱን ነበር! ጠዋት እኔም ያንኑ ብዬ ነበር። ሰው ከእኔ ጋር ሲስማማ የምደነግጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ያህል የሚለይ ሰው የሳል ልዩነት እንዴት ያመልጠዋል? መተሐራውን ሲቀምስ ግንባሩ ረጠበ፤ ኮቱን አንድ ቁልፍ ፈታ። ጥበቃዎቹም እያጠቀሱ ነው። በመሐሉ ደግማ አንዲት ሳል መጣች፤ እናቴ ትሪውን ጥላ «ውይ እጄ!» አለች፣ ሳሏ በትሪው ጩኸት ተዋጠች። ትሪ ግን ስንት ጊዜ ይጣላል?

«ከዚህ የባሰ የለሽም?» አላት።

«እኔ ጋ የለም። ጅቡቲ የሚያደርሰው የጫልቱ ነው።»

«እሱን ሳልቀምስማ አልሄድም። ጥሪያት።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የእናቴን ዓይን እስከዛሬ እየተረጎምኩት ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ካሳለ የማን ሳል እንደሆነ ማን ይለያል? ይህን ነው ያለችኝ። ሌላውንም ብላኝ ከሆነ፣ እትዬ ጫልቱ ያለችበትን በር አስባው ከሆነ፣ አልጠየቅኋትም፤ እሷም ሳትነግረኝ ሞታለች።

እትዬ ጫልቱ ዱካዋ ላይ ነበረች። ከመጋረጃው ሥር የደጀኔ ሁለት ባዶ እግሮች ይታያሉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው። አየኋቸው። አላየሁም ብዬ ብጽፍ ማንም አይከሰኝም፤ ግን አየኋቸው።

«እትዬ ጫልቱ፣ ጓድ ሸዋንግዛው የእርስዎን አዋዜ ካልቀመስኩ አልሄድም ብሏል። ይምጡ አሉ እማዬ።»

«ውሰጂለት።»

«ያልቀመሱትን አይቀምስም፤ ያውቁታል።»

«በዚህ ሰዓት! በሬ ላይ ማን ይቀመጥ?»

«ወዲያው ይመለሳሉ» አልኳት።

ወደ መጋረጃው አየች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ፣ እግዜር ይይላትና፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ፈካ። «የአስካለን ቀምሶ ነው የኔን ያማረው?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የአዋዜዋን ማሰሮ ታቅፋ ተነሣች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ጣል አደረገች፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ዱካዋ ላይ ሰፌዱን አስቀመጠችው፣ ሰው ያለበት እንዲመስል።

የቀረው ወንድሜ በየበዓሉ የሚተርከው ነው። በሰው ፊት አንድ ጣት ሙሉ ቀመሰች፤ ፊቷ አልተለወጠም። ጓድ ሸዋንግዛው ዳቦውን ነክሮ ጎረሰ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ነጭ ሽንኩርቱን አመሰገነ፣ «ድንብላልም አለው» አለ። ከዚያ አፉን ከፈተና አልዘጋውም። እንባው በጉንጩ ወረደ። ጥበቃዎቹ «እኛንስ?» ብለው ተሻሙና እነሱም ጎረሱ፤ አንደኛው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ጥሎ ተደፋ። ሁሉም ሳሉ። እናቴ ሳለች፣ እኔ ሳልኩ፤ ከጆንያዎቹ ጀርባም ወንድሜ ሦስት ሳምንት ያፈነውን ሳል በሙሉ ለቀቀው፣ ማንም አልሰማውም። እትዬ ጫልቱ በመሐላችን ቆማ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። «ጅቡቲ!» አለ ጓድ ሸዋንግዛው ድምፁ ሲመለስ፤ «ባሕሩን ሁሉ አየሁት!»

ወንድሜ ትረካውን እዚህ ላይ ይጨርሳል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሚስቱ ዳቦ ትቆርሳለች። ኮዬ ፈጬ ያለው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ያልፈራ ሰው ታሪኩን ባማረው ቦታ መቁረጥ ይችላል። የፈራ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። ጓድ ሸዋንግዛው የመጣው በሁለት ጥበቃ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹ በላይኛው መንገድ ቤት ለቤት እየወረዱ ነበር። በሩ ላይ ሰው ያልተቀመጠበት ቤት ሲያገኙ ኩፍኝ አለ የሚላቸው አልነበረም። እኛ እያሳልን ሳለን የጭነት መኪና ሲነሣ ሰማን። ከዚያ የልብስ ሰፊው ድምፅ፦ «ጫልቱ! ጫልቱ፣ ልጅሽን!»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው የሮጠችው። ማሰሮው እናቴ ጭን ላይ ቀረ። ስደርስ ዱካው ተገልብጧል፤ መጋረጃው ወርዷል። የደጀኔ ጫማ አልጋው ሥር ቀርቷል። መኪናው ሐዲዱን ሲሻገር ከኋላው ከተጫኑት አንዱ እጁን አነሣ፤ እሱ ይሁን ሌላ አልለየሁም። እትዬ ጫልቱ በበርበሬ እጇ ዓይኗን ይዛ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ውኃ ሰጥተናት አልታጠበችም። ጓድ ሸዋንግዛው በአጠገባችን ሲያልፍ ኮቱን እንደገና እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ቤታችን ተመልሶ አልመጣም። የማን ሳል እንደነበር አውቆ እንደሆነ ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይከለክለኛል፤ አውቆ ዝም ብሎ ከሆነ፣ የሌላዋ እናት ልጅ የበቃ መስሎት ይሆን?

እትዬ ጫልቱ አልረገመችንም። ብትረግመን ይሻል ነበር። ለፋሲካ አዋዜ በስኒ ይዛልን መጣች። በራችን ላይ ቆማ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፣ እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ አስቀምጣልን ሄደች። በየዓመቱ። እናቴ አንዱንም አልጣለችም፣ አንዱንም አልቀመሰችም፤ ስኒዎቹ መደርደሪያው ላይ እየደረቁ ይቀመጣሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከቤት ስወጣ ያዘንኩ መስዬ ነበር። ሮጬ ነው የወጣሁት።

ከገላን የተነሣሁት ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። ባለባጃጁ «ወዴት ልበል?» ሲለኝ «አቃቂ፣ አሮጌው ጣቢያ» አልኩት፤ አፌ ነው ያለው። ሐዲዱ በብዙ ቦታ ላይ የለም፤ ባለበትም ቦታ በላዩ የበሰለ በቆሎ ይሸጣል። የየመናዊው ሱቅ ሞባይል ቤት ሆኗል። የእሷ ቤት ግን አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ሆኗል እንጂ ከሥሩ ያ ደቃቅ በርበሬ አሁንም በቅሏል። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ስንቱን ሰው በጽሑፍ የተሳደበች ሴትዮ ያን በር ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ እስከ ጥጉ ተመለስኩ።

ዓይኗ ደክሟል። በድምፄ ለየችኝ።

«የአስካለ ልጅ። ወዲያው ይመለሳሉ ያልሽኝ።»

«አዎ እትዬ ጫልቱ።»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች፤ «እሱን አልጠየቅኩሽም» አለችኝ። ቀጥላም «እኔም ሞኝ ነኝ። ምስጋና አማረኝ። ከዚያች ቀን በፊት እናትሽ ጅቡቲ የሚያደርሰው የጫልቱ ነው ብላ አታውቅም» አለች። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል።

«ጸሐፊ ሆናለች ይላሉ።»

«እጽፋለሁ።»

«ሰው ያነበዋል?»

«ጥቂት ሰው።»

«እንግዲያው ጻፊ። ወረቀት አልመጣልኝም፤ ሞተ ያለኝም የለም፣ ኖረ ያለኝም የለም። መርዶ ላልተነገረው ሰው ለቅሶ እንዴት ይቀመጡለታል? አንቺ ከበሬ ላይ አንስተሽኛል፤ አንቺ ጠይቂልኝ።»

ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ፤ በዚያ ወራት ከአቃቂ በጭነት መኪና የተጫናችሁ፣ ወይም ጦር ሜዳ ላይ ከአቃቂ የመጣ ልጅ ያያችሁ። ስሙ ደጀኔ ነው። ረጅምና ቀጭን፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ የበሬ ቀንድ የተወው ጠባሳ ያለበት፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገር። ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ባዶ እግሩን ነው የሄደው። የት እንደወደቀ የምታውቁ ካላችሁ ለእኔ አትጻፉልኝ። ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ ሂዱ፣ የጫልቱ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፣ የምታውቁትን ሳትቀንሱ ንገሯት። አርጅታለች፤ ነገ ሳትሉ ሂዱ።